ቢፈጭም አተር አይሆንም

ከጋንግንዩንግ፣ 9ኛ ወር፣ 20ኛ ቀን

ሶክጁ ልጄ፣

ከናፍቆትህና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ችዬዋለሁ። ጉልበቴን ግን፣ አዎ፣ እንደጨቀጨቅከኝ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ፤ ደስ ይበልህ። ከሐኪሙ ጋር አልተከራከርኩም። ትንሽ ብቻ ነው የተከራከርኩት።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ፊቱ የተላጠ እንቁላል ይመስላል። የጉልበቴን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ "እማማ፣ ሁለቱም አልቀዋል፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው" አለኝ። "ታዲያ ቀይርልኛ!" አልኩት። "መጀመሪያ ስምንት ኪሎ ይቀንሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አይለኝም! ሰባ ስድስት ኪሎ ነኝ፤ ስልሳ ስምንት ካልገባሁ ቢላ አያነሳም። ጠዋት ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ምን እደብቃለሁ? ትኩስ ሳለ ከገንዳው የምቀምሰውን የአኩሪ አተር ቶፉ፣ ቀጥሎ ሩዙን፣ ቀጥሎ በዘይት የተጠበሰውን ቶፉ፣ ከትናንት የተረፈ ካለም እሱን ዘረዘርኩለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሩዙንና ጥብሱን ጠዋት ጠዋት ይተዉ" አለ። ታዲያ ምን ልብላ? ንፋስ?

ግን እቀንሳለሁ። በ4ኛው ወር፣ በ8ኛው ቀን ከዚያ በር ስትወጣ፣ በገዛ እግሬ ቆሜ ቶፉ አጎርስሃለሁ። ከእስር የወጣ ሰው ደጃፉ ላይ ቶፉ ካልቀመሰ ተመልሶ ይገባል ይላሉ። ባለፈው ስትወጣ አልመጣሁም፤ ይኸው ተመለስክ። "የቶፉ ሠሪዋ ልጅ ቶፉ ሳይቀምስ ወጣ" ብሎ መንደሩ ሁሉ አውርቷል፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ግን ብሞት አልቀርም። በነዚህ ጉልበቶች ደግሞ ከአውቶቡስ መውረድ አልችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለ አባባ ናም ጠይቀኸኛል። አተሩ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ቅርፊቱ ስስ ነው።

ብርድ ልብስህን ደርብ።

እናትህ ማልሱን


10ኛ ወር፣ 2ኛ ቀን

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አፈርኩ፣ በሁለተኛው አዘንኩ፣ በሦስተኛው "ንፋስ?" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ወጥ ቤት መድበውኛል። በቀን ለስምንት መቶ ሰው ሽንኩርት እልጣለሁ። ቶፉ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ግን ብታይው ቶፉ ነው ብለሽ አትጠሪውም። ከፋብሪካ ነው፤ ማንኪያ ሲያይ ይፈርሳል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ታሰድቢኛለሽ ብዬ ሳይሆን አሰድብሻለሁ ብዬ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣ የምግብ ባለሙያ አለች። ስላንቺ ነገርኳትና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ቁርስ በመጠጥ መልክ ነው፤ ስሙዚ ይሉታል። አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ግማሽ ቶፉ፣ ግማሽ ሙዝ፣ አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ ሦስት አራት በረዶ። በጁስ መፍጫ አንድ ላይ ይፈጫል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ሁለት መቶ ካሎሪ እንኳ አይሞላም፣ ግን እስከ ምሳ ያቆያል። እኔ ቀምሼው አላውቅም፤ እዚህ መፍጫ የለም። በሐሳቤ ነው የቀመስኩት። በሐሳቤ ጣፍጦኛል።

እማዬ፣ አተሩ ጥሩ መሆኑን ሰማሁ። እሳቸውስ? ያ ጠዋት ከዓይኔ አይጠፋም። ሌሊቱን የጠጣሁት ሳይወጣልኝ ቶፉ ጭኜ መኪና አስነሳሁ፤ አባባ ናም ደግሞ በብስክሌታቸው የሚመጡት ከኛው ሱቅ ቶፉ ሊገዙ ነበር። ሽንኩርት ስልጥ የማለቅስበት ምክንያት ስላለኝ ማንም አይጠይቀኝም። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ መልስ የለም። መልስ ይገባኛል ብዬ አይደለም። በሕይወት መኖራቸውን ብቻ ንገሪኝ።

ልጅሽ ሶክጁ


10ኛ ወር፣ 19ኛ ቀን

አንተ ልጅ፣ አብደሃል?

አርባ ሁለት ዓመት! አርባ ሁለት ዓመት አተር ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼ፣ አፍልቼ፣ በጨርቅ ጨምቄ፣ የባሕር ውሃ በባልዲ እያመጣሁ የደከምኩት ለምንድን ነው? እንዲረጋ! እንዲቆም! ጥግ እንዲኖረው! አባትህ ነፍሱን ይማረውና "ጥግ የሌለው ቶፉ ከቤቴ አይወጣም" ይል ነበር። አንተ ደግሞ መልሰሽ ውሃ አድርጊው ትለኛለህ። የተፈጨ ቶፉ ቶፉ አይደለም። ይህንን እዚያ ግድግዳ ላይ ጻፈው።

እና ሞከርኩት። ምን ላድርግ፣ አንተ ጽፈኸው። መፍጫውን ከአትክልት ሻጯ ተዋስኩ። ከጠዋቱ ቶፉ ጥሩውን መርጬ፣ በደንብ የተጫነውን፣ ጥጉ እጅ የሚቆርጠውን ግማሹን ጨመርኩበት። መፍጫው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ቆመ። ውስጡ የቀረው ለግድግዳ ልስን ይሆናል። በማንኪያ በላሁት፣ ምግብ አይጣልም። አትክልት ሻጯ መፍጫዋን አሽትታ "አሠሪውና ያንቺ ይሁን" አለችኝ። ሚዛን ላይ ስወጣ ግማሽ ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ከንዴት ይሆናል።

አይ፣ ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔና ደብዳቤህ ተገናኝተናል። ከሩዝ ጣሳው በላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሩዝ ላወጣ ስል "ተይ" እንዲለኝ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ ያቺን የማክሰኞዋን። እንደኔ መቀነስ የማይፈልግ፣ እንደውም መወፈር ያለበት፣ የከሳ ሰው ቢሆንስ? ለእሱ ምን ይጨመራል? ለማን ነው አትበለኝ። መፍጫው ለአንድ ሰው ሲሆን በከንቱ ይጮሃል፣ ለዚያ ነው።

ስለ ሌላው ጠይቀኸኛል። ነፋሱ በርትቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሦስት ቀን አልወጡም።

እናትህ


11ኛ ወር፣ 3ኛ ቀን

እማዬ፣

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጥፋት ማመን እየለመድኩ ነው። ሌላ ሰው ቶፉ ሲል ከሱቅ የሚገዛውን ለስላሳውን ነው። ያንቺን ረስቼ ለሌላ ሰው እንደምጽፍ ጻፍኩ። ያንቺን እንኳን መፍጫ መዶሻም አይችለው። ሳነበው ስለሳቅኩ ጠባቂው መጥቶ "ምን ተገኘ?" አለኝ። "እናቴ መፍጫ አቃጠለች" አልኩት። "የኔ እናት ደግሞ ማጠቢያ ማሽን" ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ አድርጊ። ድንጋዩን ከመጫንሽ በፊት፣ ገና ገንዳው ውስጥ እንደ እርጎ ሲንቀጠቀጥ ያለውን ጨልፊ። ሁለተኛ፣ ያንቺ ቶፉ በባሕር ውሃ ስለሚረጋ ጨው ጨው ይላል፤ ስለዚህ ሙዙን ተዪና ከነልጣጩ ግማሽ ፖም አድርጊበት። ይህን የነገረችኝ ባለሙያዋ አይደለችም፤ ልጅሽ ስለሆንኩ ነው የማውቀው።

ለከሳው ሰው፦ ከዚያው ከለስላሳው ቶፉ ላይ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ተቆልቶ የደቀቀ ጥቁር ሰሊጥ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ዝንጅብል። በረዶ አያስፈልግም፣ ለብ ይበል። ግን ማነው? ሠራተኛ ቀጠርሽ? ወይስ እማዬ፣ ባል አገባሽ እንዴ?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለመውቀስ አይደለም። ያኔ፣ በመጀመሪያው፣ ምን ሆነሽ ቀረሽ? ካልፈለግሽ ስለ ነፋሱ ጻፊልኝ፣ ይገባኛል።

ሶክጁ


12ኛ ወር፣ 1ኛ ቀን

ባል? አፍህን ያዝ! በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ከነዚህ ጉልበቶች ጋር፣ ማን ሊሸከመኝ? እንዲህ እንድትቀልድ ነው እንዴ መንግሥት ሩዝ የሚያበላህ? (ስቄያለሁ ግን። አትክልት ሻጯም ስቃለች፤ አንብቤላት ነው፣ ይቅርታ።)

ያልከውን አደረግኩ። ሳልጭነው ጨለፍኩት። ግማሽ ፖም፣ ቆስጣ፣ በረዶ። የተጠገነው መፍጫ አልጮኸም፣ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ እንጂ። ቀመስኩት። እውነቱን ልናገር? ይጣፍጣል። ቶፉ ነው አላልኩም። ይጣፍጣል ነው ያልኩት። አሁን ሰባ ሁለት ተኩል ገብቻለሁ። ሰባ ሁለት ገብቼ ነበር፤ የኪምቺው ቀን አበላሸኝ። ሴቶቹ ሁሉ መጥተው ሰማንያ ራስ ጎመን በጨውና በበርበሬ ስናሽ ዋልን፤ የተቀቀለውን አሳማ በትኩሱ ኪምቺ ጠቅልለው "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ" እያሉ ሲያጎርሱኝ ምን ልበል? ስንት ሰው ልግደል?

ያን ቀን ለምን እንደቀረሁ ጠየቅከኝ። እንደ ነፋሱ ላልፈው ነበር። እጄ ግን አልፎ መጻፍ እምቢ አለኝ።

ሠርቼ ነበር፣ ሶክጁ። ከሌላው ቀን ቀድሜ ተነስቼ፣ ያንተን ለብቻ አረጋሁት። ቆረጥኩት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ጫማዬን አድርጌ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ስለሚያውቀኝ ቆሞ ጠበቀኝ። "ሂድ" ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ልጄ ጠጥቶ ሰው ደብድቦ ታስሮ፣ እኔ እንደ ሙሽራ በቶፉ ልቀበለው? ትንሽ ይቅጣው፣ ብቻውን ይምጣ አልኩ። ከዚያ ጨርቁን ፈታሁና ቶፉውን ቆሜ በላሁት። ሁሉንም። ያንተን ድርሻ ነው የበላሁት። ለአባትህ ፎቶ እንኳ አልነገርኩም።

ይቅር በለኝ ልጄ።

እናትህ


12ኛ ወር፣ 20ኛ ቀን

እማዬ፣

አንጀቴን በላሽው። ይቅር የምለው ነገር የለም። መቼም "አንተስ ያን ቀን ምን በላህ?" ሳትይ አትቀሪምና ልንገርሽ። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለች ሱቅ ቶፉ ገዛሁ። ለራስ መግዛት አይሆንም ይላሉ፣ አውቃለሁ። ፕላስቲኩ አልከፈት ሲለኝ በጥርሴ ቀደድኩት፣ ውሃው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው የወረደልኝ። ባለሱቋ ሴትዮ አየችኝና ገባት፤ ሶፍት ሰጠችኝ። ያንን ሶፍት ይዤ ቀጥታ መጠጥ ቤት ገባሁ። እንግዲህ የመለሰኝ የቶፉ ማጣት አይደለም እማዬ፣ ጠርሙሱ ነው፣ ጠርሙሱን ያነሳሁትም እኔ ነኝ። አንቺ የበላሽው ቶፉ ነው። እኔ የሰው ዕድሜ ነው የበላሁት።

ስለዚህ በሩ ድረስ አትምጪ። መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው። እኔ እመጣለሁ፣ ሱቁ ውስጥ ታጎርሺኛለሽ፣ ያው ነው።

በፖስታ ካርድሽ ላይ "ሰሊጡ ድድ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል፣ ጥርስ ለሌለው ሰው ሌላ ምን አለ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ዱባ አለ። በእንፋሎት አብስለሽ፣ ከቶፉው ጋር ሲፈጭ ሐር ይሆናል፤ ሰሊጡን ተዪና ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት አድርጊበት።

ግን እማዬ፣ ያቺን ካርድ ይዤ ሁለት ቀን ሽንኩርት መላጥ አቃተኝ። ጥርስ የሌለው፣ የከሳ ሰው። ፍርድ ቤት ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ መንጋጋቸው ተሰብሮ ጥርሳቸው ሁሉ የረገፈው በኔ መኪና ነው። በእናትነትሽ፣ ስለ አተር እንዳትጽፊልኝ።

ሶክጁ


1ኛ ወር፣ 17ኛ ቀን

ሶክጁ ልጄ፣

እሺ። ስለ አተር አልጽፍም።

አንተን የወሰዱህ ሳምንት ነው የጀመርኩት። ጠዋት ከገንዳው የመጀመሪያውን ቶፉ ቆርጬ በሳህን አድርጌ አባባ ናም በር ላይ ቆምኩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፣ ታውቃለህ። ከፈቱ፣ አዩኝ፣ ሳህኑን አዩት። "ልጅሽ ጥርሴን ወስዶ አንቺ የሚታኘክ ታመጫለሽ?" አሉኝና በሩን ዘጉት። ልክ ናቸው እኮ። ቶፉ ለስላሳ ነው እንላለን እንጂ የኔ ቶፉ ጥርስ ይፈልጋል፤ በዚሁ ስኮራ አይደል የኖርኩት? ሰው ሠራሽ ጥርሱ ደግሞ የተሰበረ መንጋጋቸው ላይ አልቀመጥ ብሏል። የሩዝ ውሃ እየጠጡ ከስተው ከስተው ልብሳቸው ለብቻው ሊሄድ ደርሶ ነበር።

ለዚያ ነው ያንተን ወረቀት ያልቀደድኩት። የኔን ፈጭቼ ስጨርስ የእሳቸውን እፈጭና በኩባያ አድርጌ አጥራቸው ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ። በነዚህ ጉልበቶች መሸሽ ካልከው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ኩባያው እንደሞላ ጠበቀኝ። በአምስተኛው ቀን ባዶ ነበር፤ ታጥቦ፣ አጥሩ ላይ ተደፍቶ። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ታጥቦ፣ ተደፍቶ። ቃል ግን የለም። አንድ ወር ሙሉ ቃል የለም። አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተ፤ ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። "ዛሬ ዝንጅብሉ በዝቷል" አሉኝና ዘጉት።

በኋላ ራሳቸው ሱቅ መምጣት ጀመሩ፤ በከዘራቸው። ገንዳው ዳር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ስሠራ ያያሉ። እሳት አይነኩም፣ ባልዲ አያነሱም፣ ግን "አሁን ነው ውሃው የሚገባው?" ይላሉ። "ገና" እላለሁ። እንዲህ ሆነን ከረምን።

በአዲሱ ዓመት ማግስት ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና ነገርኳቸው። "አባባ፣ ይህን የሚጠጡትን የጻፈው እሱ ነው። ከእስር ቤት። የዱባውንም፣ የስኳር ድንቹንም" አልኳቸው። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። አራት ቀን ኩባያው እንደሞላ አጥሩ ላይ ቆየኝ፤ በረዶ ሠራ። በቃ አበላሸሁት አልኩ። በአምስተኛው ቀን ታጥቦ ተደፍቷል። ደብዳቤዎችህ ፍሪጃቸው ላይ ናቸው፣ አይቻለሁ። አልተከፈቱም፣ ግን አልተጣሉም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ የማላውቀውን ተስፋ አድርጌ አልሰጥህም።

ሰባ ገብቻለሁ። እመጣለሁም። "አትምጪ" ያልከውን አላነበብኩትም።

እናትህ


2ኛ ወር፣ 6ኛ ቀን

እማዬ፣

አልቅሼ ጨርሼ ልጻፍ አልኩ፣ አልጨርስ አለኝ፣ ስለዚህ እንዲሁ እየጻፍኩ ነው።

ይቅርታ በኔ ስም አትጠይቂልኝ። ያ የኔ ሥራ ነው። አንቺ ኩባያውን ብቻ አድርሺ።

ዝንጅብሉን ቀንሺ። ብርዱ ካልወጣ ውሃውን ተዪና በአተሩ ወተት ፍጪው፣ ለአጥንታቸው ይሆናል። ባለሙያዋን "ለማን ነው?" ስትለኝ "ለአባቴ ጓደኛ" አልኳት። ውሸት ነው፤ አባቴ አባባ ናምን አያውቃቸውም ነበር። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

የቀዶ ሕክምናሽ ቀን መቼ ነው? በላክሁልሽ ካርዶች ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ።

ሶክጁ


3ኛ ወር፣ 9ኛ ቀን

ስልሳ ስምንት! ስልሳ ስምንት ልጄ! ሐኪሙ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ሁለቴ አወጣኝ። "ምን በልተው ነው?" አለኝ። "ልጄ የጻፈልኝን" አልኩት። "ልጅዎ ሐኪም ነው?" አለኝ። "ወጥ ቤት ነው የሚሠራው" አልኩት፤ የት ወጥ ቤት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ስለ ቀኑ ጠይቀኸኛል። የባሕሩ ውሃ ዛሬ ኃይለኛ ቅዝቃዜ አለው።

እናትህ


ከሆስፒታል፣ 4ኛ ወር፣ 7ኛ ቀን

ሶክጁ ልጄ፣

ይህንን ደብዳቤ ፖስተኛ አላመጣልህም። ያመጡልህን ሰውዬ ቀና ብለህ እያቸው፣ አትፍራ። ቁጭ የሚሉበት ፈልግላቸውና ከዚያ አንብብ። እኔ እዚያ የለሁም። ማልኩልህ፣ ዋሸሁህ።

ሐኪሙ "ወይ በ3ኛው ወር በ27ኛው ቀን፣ ወይ በመከር" አለኝ። ከተቀደድኩ በኋላ ስድስት ሳምንት አውቶቡስ ክልክል ነው። "በመከር ይሁን" አልኩ፤ ከሁለት አንዱን መምረጥ ካለብኝ በሩን መረጥኩ። ለማንም አልነገርኩም። ግን በማግስቱ የአተሩን ባልዲ ሳነሳ ጉልበቴ ከዳኝና አባባ ናም ፊት ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ሊያነሱኝ ጎንበስ አሉ፣ እሳቸውም ወደቁ። ሁለት ሽማግሌ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ስለ ሐኪሙ ቀን፣ ስለ በሩ፣ ስለበላሁት ቶፉ ሁሉንም አፈረጥኩት።

"አንቺ ሞኝ ሴትዮ" አሉኝ። "በነዚህ እግሮች ሄደሽ በሩ ላይ ብትወድቂ፣ ልጁ ከእስር ወጥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው እናቱን ማዘል ነው? ይኼ አቀባበል ነው?"

"ታዲያ ማን ይሂድልኝ? ማን አለኝ?" አልኩ።

ውሃው ቀሚሴ ውስጥ ገባ። ከዚያ "እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

"ምን ሊሉት?" አልኳቸው፤ ፈርቼ ነው እንጂ የሚጠየቅ አልነበረም።

"ምንም። ቶፉውን እሰጠዋለሁ። ሌላውን መንገድ ላይ አስብበታለሁ፤ ስድስት ሰዓት አለኝ።"

እና ተቀደድኩ። አሁን ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ እሄዳለሁ፤ ነርሷ ስምንት ነው ትላለች፣ ታጋንናለች። ስትመጣ በእግሬ ቆሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ታገኘኛለህ፤ ይህኛው መሐላ አይደለም፣ ሰባት እርምጃ ስለተራመድኩ ነው የምናገረው።

ስለ ቶፉው እንድታውቅ። የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ከአልጋዬ ሆኜ በስልክ እየጮህኩ እሳቸው ናቸው ዛሬ ጠዋት የሠሩት፣ ብቻቸውን። ክረምቱን ሙሉ ከበርጩማው ሲያዩ የከረሙትን። "አሁን ነው ውሃው የሚገባው?" አሉኝ። "አሁን ነው" አልኳቸው። ቸኩለው መሰለኝ፣ ወይ የባሕሩ ውሃ አንሷል፣ ብቻ አልቆመም። ጨርቁን ሲፈቱት ፈረሰ። በእጃቸው ሊሰበስቡት ሲታገሉ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። "ጥግ የለውም" አሉኝ። አባትህ ቢሰማ ምን ይል ነበር! እኔ ግን "መፍጫው የት ነው?" አልኩ። በሕይወቴ ያን ማሽን ያመሰገንኩት ያኔ ነው። "ይፍጩት አባባ። ለእርስዎም ለእሱም በሚሆን መልኩ ይፍጩት" አልኩ።

"እሱማ ነው" አሉ። "እሱ ሲያኝክ ቆሜ ላየው ነው እንዴ የምሄደው?"

ለስላሳ ቶፉ፣ ግማሽ ፖም፣ ጥቂት ዱባ፣ ዝንጅብል ትንሽ። ያንተው ወረቀት ነው፤ ከሩዝ ጣሳው በላይ ያለውን እያነበቡ ነው የሠሩት። እንደ ጨረሱ የፈጩትን ከበረዶ ጋር ፔርሙዝ ውስጥ ሞልተው፣ ደብዳቤዎችህን ከነፍሪጁ አቧራ ኪሳቸው ከተው እዚህ መጡ። ከዚህ ሆነው ነው የማታው አውቶቡስ ላይ የሚወጡት። አንብበዋቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። አንተም አትጠይቅ፣ ከተናገሩ ስማ።

የተፈጨ ቶፉ ቶፉ አይደለም ብዬህ ነበር። ግድግዳ ላይ ጻፈው ብዬህ ነበር። ጽፈኸው ከሆነ ሳትወጣ አጥፋው። ከእስር የወጣ ሰው ቶፉ የሚበላው ቶፉ ተመልሶ አተር ስለማይሆን ነው ይላሉ። እኔ ስድስት ወር በየጠዋቱ ስፈጨው ከረምኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አተር ሆኖ አላየሁትም። ቢፈጭም አተር አይሆንም፣ ልጄ። ስለዚህ አፈር ስሆን፣ ይህ ምን ዓይነት ቶፉ ነው ሳትል፣ በሞቴ ጠጣልኝ።

ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ኩባያ አለ። መጀመሪያ ለእሳቸው ቅዳ። ስትጨርሱ ኩባያዎቹን አንተ እጠባቸው።

እናትህ ማልሱን